ደምሰው በእግሩ ሲሄድ ታየ

ሰው በእግሩ መሄዱ ወሬ የሚሆንበት ሰፈር ካለ፣ በስደት አገር ብዙ ሐበሻ የሰፈረበት ግሪን ቫሊ ራንች ነው። እዚያ አንድ ሊትር ወተት ሊገዛ የሚወጣ ሰው መኪና ያስነሳል። ጎረቤቱ ቤት ለልደት የተጠራም መኪና ያስነሳና ሁለት ቤት አልፎ ያቆማል። ደምሰው ከነዚህ ሁሉ የባሰ እንጂ የተሻለ አልነበረም። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የሆቴል ሻትል ነድቷል፤ ከኤርፖርት ሆቴል፣ ከሆቴል ኤርፖርት፣ የሰው ሻንጣ እየጫነና እያወረደ። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሲሞላው እግሩ የሚያውቀው ሥራ ነዳጅ መስጠትና ፍሬን መያዝ ብቻ ነበር።

ነገሩ የመጣው በልጆቹ ደግነት ነው። ሄዋንና ወንድሟ ኤቢ የወላጆቻቸው ሠላሳኛ የጋብቻ ዓመት ሲደርስ ተማክረው አንድ ፖስታ አመጡላቸው። ውስጡ የስድስት ቀን የእግር ጉዞ ነበር፤ በደቡብ ፈረንሳይ፣ ከሜዲትራኒያን ባሕር ብዙ ሳይርቅ፣ ወንዝ ይዞ በሚወርድ ሸለቆና ዛፍ በሞላባቸው ኮረብቶች መካከል፣ ከመንደር መንደር። ጉዞው ለሴፕቴምበር ነው። ብሮሹሩ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ጫማ ተሥላለች። ሄዋን እንዳስረዳችው አንድ ጫማ ማለት ቀላል መንገድ ነው፤ ሁለት መካከለኛ፣ ሦስት ከባድ።

«አንድ ጫማ?» አለ ደምሰው ፊቱን ቅጭም አድርጎ። «እናንተ ልጆች አባታችሁን የናቃችሁት ምን አይታችሁ ነው?»

ልጆቹ መልስ ነበራቸው፤ ግን በደንብ ስላደጉ ዝም አሉ።

ከሁሉ በላይ ያልገባው የሻንጣው ነገር ነው። ብሮሹሩ እንደሚለው መንገደኛው በእግሩ ሲሄድ ሻንጣው በመኪና ተጭኖ ማታ የሚያድርበት ሆቴል ይጠብቀዋል።

«ሻንጣው በመኪና፣ እኛ በእግር?» ብሎ ጠየቀ።

«አዎ አባ።»

«መኪናው የሚሄደው ወደ ሌላ ቦታ ነው?»

«አይ፣ እናንተ ወደምትሄዱበት ነው።»

ሃያ ሦስት ዓመት ሻንጣና ባለ ሻንጣን አንድ ላይ ሲያመላልስ የኖረው ሰውዬ ነገሩን እያገላበጠ ብዙ አሰበ። በመጨረሻ «ታዲያ ሹፌሩ ቦታ የለኝም ብሎ ነው?» አለ።

ሚስቱ ሠርካዲስ ይሄን ሁሉ ስትሰማ ዓይኗን ከብሮሹሩ አላነሳችም። የመንደሮቹን ስም በአንድ ሳምንት ውስጥ በቃሏ ያዘች። የት ላይ የቼስትነት ዛፍ ጥላ እንዳለ፣ የት ጋ ወንዙ ጎድሎ እግር እንደሚነከርበት አወቀች። ሠርካዲስ አውሮራ በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የቀን ፈረቃ ትሠራለች። እሱ የሌሊት፣ እሷ የቀን። ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ አንዳቸው ቤት እንዲኖር ብለው እንዲህ ተከፋፈሉ፤ ልጆቹ አደጉ፣ ፈረቃው ግን እዚያው ቀረ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እሱ ሲገባ እሷ ትወጣለች። ከሠላሳ ዓመቱ ትዳር ሃያ ሦስቱን ጋራዥ በር ላይ «ደህና ዋልሽ»ና «ደህና እደር» እየተባባሉ፣ ያውም ሰዓቱ ተምታቶባቸው፣ አሳልፈውታል።

ደምሰው አፉን ሞልቶ አይናገረው እንጂ ይሄን ጉዞ ከልቡ ፈልጎት ነበር። ሠርካዲስ የብሮሹሩን ሥዕል በጣቷ ስትከተል ባያት ጊዜ ቀኖቹን በልቡ ቆጠረ። ስድስት ቀን ሙሉ፣ እሷ ሳትወጣ እሱ ሳይገባ፣ ጎን ለጎን። ከዚህ በላይ የሚፈልገው ነገር አልነበረም።

ችግሩ እግሩ ነው። ማርች ላይ ሠርካዲስ ለሙከራ አንዲት ኩሬ ዙሪያ ወሰደችው። በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ አግዳሚ ወንበር አይቶ ተቀመጠና «መኪናውን የት ነበር ያቆምነው?» አላት።

እሷም ቁርጡን ነገረችው። የተጓዦቹን ስም መቀየር የሚቻለው እስከ ሜይ መጨረሻ ነው። የመጀመሪያው ቀን መንገድ ሰባት ማይል ነው። «እስከዚያ ድረስ ከእኔ ጋር ሰባት ማይል ሳትቀመጥ ትሄዳለህ» አለች። «አለዚያ ጽጌን ይዤ እሄዳለሁ። መንገድ ላይ ጥዬህ አልሄድም፣ ተሸክሜህም አልሄድም።»

ጽጌ የሥራ ባልደረባዋና የቸርች ጓደኛዋ ናት። በየጠዋቱ ሴንትራል ፓርክን በእጆቿ አየሩን እየገፋች ሁለት ጊዜ ትዞራለች፤ ሰባት ማይል ለእሷ ቁርስ ነው። ደምሰው የጽጌን ስም ሲሰማ ከፋው። ቅናት ነው ብሎ ለመናገር ግን አፈረ፤ በጽጌ ይቀናል እንዴ ሰው?

ልምምዱን በማግሥቱ ጀመረ። ቀትር ላይ ከእንቅልፉ ይነሳል፣ ይታጠባል፣ ይለብሳል። አለባበሱን ላስረዳ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነውና። ደምሰው በቁምጣ መንገድ ላይ የሚታይ ሰው አይደለም። ቁምጣ ለልጅና ለፈረንጅ ነው። ስለዚህ የተተኮሰ ሱሪውን፣ ግራጫ ኮቱንና ለቸርች የሚያደርገውን ጥቁር ቆዳ ጫማ አደረገ። ውሃውን በፌስታል ያዘ። እንግዲህ አንድ ሐበሻ ታወር ሮድን ይዞ ሲነዳ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ኮት የለበሰ የሚያውቀው ትልቅ ሰው ፌስታል አንጠልጥሎ በእግረኛ መንገድ ላይ ሲሄድ ቢያይ ምን ያስባል? ሰውዬው ጤናውን እየጠበቀ ነው ብሎ አያስብም። መኪናው ተበላሽታለች ብሎ ያስባል። አስቦም ዝም ብሎ አያልፍም። የሚያውቀውን ሰው መንገድ ላይ ትቶ ያለፈ እንደሆነ ማታ እንቅልፍ የለውም።

የመጀመሪያው ወርቁ ነበር፤ ድሮ አብሮት ሻትል ይነዳ የነበረ ጓደኛው። ከኋላው ሦስት መኪና እያስጮኸ መንገድ መሐል ቆመ።

«ደሜ! ግባ!»

«አይ፣ ተወው ወርቁ፣ ቅርብ ነኝ...»

«ግባ እንጂ፣ ሊገጩኝ ነው!»

ደምሰው ገባ። ወርቁ ትንሽ ከነዳ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መኪናህ ምን ሆና ነው?» አለው።

እዚህ ላይ እውነቱን ቢናገር ኖሮ ይሄ ታሪክ ባልኖረ። አፉን ከፍቶም ነበር። ግን የሚከተለው ታየው። «የእግር ጉዞ እየተለማመድኩ ነው» ይላል። «ለምን?» ይለዋል ወርቁ። «ፈረንሳይ ልሄድ።» «ፈረንሳይ ሄደህ ምን ልትሠራ?» «በእግሬ ልሄድ።» ይሄ ወሬ ማታ ኢስት ኮልፋክስ ላይ ባሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ሁሉ ከእንጀራው ጋር ይበላል። ደግሞም ለብቻው አይደለም የሚሄደው፤ ከሚስቱ ጋር ነው፤ በዚህ ዕድሜው፣ እንደ አዲስ ሙሽራ። ጉራም ይመስላል፣ እብደትም ይመስላል።

«ትንሽ ችግር አለባት» አለ።

መኪናዋ ጋራዥ ውስጥ ዘይቷ ተቀይሮ፣ ጎማዋ ተነፍቶ ቆማለች። ምንም ሳታጠፋ ስሟ ጠፋ።

«ወዴት ነበርክ?» አለው ወርቁ። ደምሰው ወዴትም አልነበረም። «ኮልፋክስ፣ ሱቅ» አለ፤ ወርቁም ሱቅ በር ላይ አድርሶ፣ እስኪገዛ ጠብቆ፣ ቤቱ መለሰው። ደምሰው ባዶ እጁን እንዳይወጣ አንድ ከረጢት ሽንኩርት ገዛ።

በሦስተኛው ቀን ስምረት አገኘችው፤ ሁለት ልጆች ከኋላ የጫነች፣ በዕድሜ ከሄዋን ብዙም የማትበልጥ ነርስ። «ጋሼ፣ እርስዎ ካልገቡ እኔ ከዚህ አልንቀሳቀስም» ብላ ሞተሩን አጠፋች። ገባ። «ወዴት ነበሩ?» «ኮልፋክስ።» ሌላ ከረጢት ሽንኩርት። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ በስም የማያውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ «የሄዋን አባት አይደሉም?» እያሉ ያሳፍሩት ጀመር። እምቢ ለማለት ሞክሯል። ግን እምቢ ሲል የሰዎቹ ፊት ሲጠቁር ያያል፤ ደግነታቸውን ተጸይፎ የቆመ ይመስለዋል። አንድ ቀንማ የማያውቀው ወጣት «አባባ፣ ቸኩዬ ነው፣ ግን እርስዎን ትቼ አልሄድም» ሲለው፣ ደምሰው ወጣቱ እንዳይረፍድበት ብሎ ሮጦ ገባ። የዚያን ቀን ልምምድ እሷ ሩጫ ብቻ ነበረች።

እርምጃውን የሚቆጥርለትን አፕ ስልኩ ላይ የጫነለት ኤቢ ነው። አባቱ የሄደበትንም በራሱ ስልክ ያያል። አንድ ማታ ደወለ። «ዳድ፣ ቱዴይ ስድስት ማይል! ግሬት ጆብ! በት... ኢት ሴይስ በአሥር ደቂቃ። ዳድ፣ አር ዩ ኦኬይ?»

«ቁልቁለት ነበር» አለ ደምሰው።

ኤቢ አውሮራ ውስጥ ተወልዶ አውሮራ ውስጥ ያደገ ልጅ ነው፤ ስድስት ማይል ቁልቁለት የት እንዳለ አያውቅም። ሳቁን ዋጠና ለእናቱ ሳይናገር ቀረ።

ሙሉ በሙሉ አልሰነፈም ግን፤ ይሄን እመሰክርለታለሁ። መኪና የማያየው መንገድ ሲፈልግ የድሮውን የውሃ ቦይ ተከትሎ የሚሄደውን የሃይ ላይን ካናል መንገድ አገኘ። ለጥ ያለ ነው፤ ትልልቅ ዛፎች ጥላ ይጥሉበታል። ፕሬሪ ዶግ የሚሏቸው ወፋፍራም ፍጥረቶች ከጉድጓዳቸው ወጥተው፣ በሁለት እግራቸው ቆመው፣ ኮት ለባሹን ሰውዬ በትዝብት ያሳልፉታል። እዚያ ሁለት ማይል፣ ከዚያ ሦስት፣ አንድ ቀን አራት ሄደ። ትንፋሹ ተስተካከለ። ለራሱ ቢደንቀውም መሄድ ወደደ። መንገዱ ዋና ጎዳና ሲያቋርጥ ግን የሆነ ሰው መኪና አቁሞ ይጠብቀዋል።

ሜይ አጋማሽ ላይ፣ ሠርካዲስ ዕረፍት በሆነችበት አንድ እሑድ ከሰዓት፣ የቤታቸው ደወል ተደወለ። ሠርካዲስ ስትከፍት የቸርቹ ሽማግሌ ጋሽ ሀይለማርያም ቆመዋል፤ ከኋላቸው ወርቁና ስምረት። አንድ ካርቶን ብርቱካን፣ ሁለት ጠርሙስ ጭማቂና ሙዝ ይዘዋል። ፊታቸው ላይ ሐዘን አለ። ገቡ፣ ተቀመጡ። ጋሽ ሀይለማርያም ዓይናቸውን ጨፍነው በለሆሳስ ጸለዩ። ሠርካዲስ አሜን እስኪሉ አልጠበቀችም።

«ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ሀይለማርያም። «ተመስገን፣ ማንም አልሞተም። የመንጃ ፈቃድ ነገር ነው።»

ሠርካዲስ ባሏን አየችው። ባሏ ምንጣፉን አየ።

«በሁሉም ላይ የሚደርስ ነው» ብለው ቀጠሉ ሽማግሌው ወደ ደምሰው ዞረው። «ለምን ተቀማህ አንልህም። እሱ በአንተና በጌታ መካከል ነው። እኛ ያሳዘነን ለብቻህ መሸከምህ ነው። አንተን የመሰለ ሰው ፌስታል ይዞ በየመንገዱ ሲንከራተት ወንድሞች የሉትም እንዴ?» ከኮታቸው ኪስ አንድ ወረቀት አውጥተው ዘረጉ። በንጹሕ እጅ ጽሑፍ ተራ ወጥቶለታል። ሰኞ ወርቁ ያደርሰዋል። ማክሰኞ ስምረት። ረቡዕ እሳቸው ራሳቸው። እስከ ቅዳሜ ድረስ ባዶ ቀን የለም። «ፈቃድህ እስኪመለስ ድረስ ነው» አሉ። «እግርህ መሬት አይነካም።»

ደምሰው አሁን ልናገር፣ አሁን ልናገር እያለ አመነታ። ግን ስምረት በዕረፍት ቀኗ ተራ ገብታለች። ወርቁ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ይሄን ሁሉ ደግነት በአንዴ ዋጋ ቢስ ማድረግ ሊሆን ነው። ደግነቱ በበዛ ቁጥር እውነቱ አፉ ውስጥ እየከበደው ሄደ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ።

ሠርካዲስ ወረቀቱን አነበበች። ከዚያ በተከፈተው በር ጋራዡን አየት አደረገች፤ ሰባት ከረጢት ሽንኩርት ተደርድሯል። ምን እየሆነ እንደከረመ ያን ጊዜ ገባት። እንግዶቹ ፊት ግን ባሏን አላጋለጠችውም። «ተባረኩልን» አለች፤ ጭማቂ ቀዳች፣ እስከ መኪናቸው ሸኘቻቸው፣ በሩን ዘግታ ተመለሰች።

ደምሰው ጩኸት ጠብቆ ነበር። አልጮኸችም።

«መንጃ ፈቃድህ የት ነው?» አለችው።

ከቦርሳው አውጥቶ አሳያት። ፎቶው ላይ ፈገግ ብሏል።

«ታዲያ ለምን አልነገርካቸውም?»

«ይሉኝታ ይዞኝ ነው፣ ሠርኬ። መጀመሪያ ለወርቁ ትንሽ ነገር አልኩ፣ ከዚያ...»

«እሱን አይደለም የምልህ። ለወርቁስ ለምን ዋሸኸው?»

«ምን ልበለው? ለሽርሽር ነው የምሄደው ልበለው? በዚህ ዕድሜዬ ከሚስቴ ጋር...» አለና አልጨረሰውም፤ እሷ ግን ጨርሶታል ብላ ወሰደችው።

«መንጃ ፈቃዱን የተቀማ ሰው መባል አላሳፈረህም» አለች ቀስ ብላ። «ሰክሮ ነድቶ ነው ቢሉህም ትሸከመዋለህ። ከሚስቱ ጋር መሄድ ይፈልጋል መባል ነው ያሳፈረህ። ያፈርከው በእኔ ነው።»

ደምሰው እንደዚያ አይደለም ሊላት ነበር፤ ግን እንደዚያ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት በር ላይ ካሳለፏቸው ጠዋቶች ሁሉ ያቺ ከሰዓት ትከብዳለች።

ሠርካዲስ ስልኳን አወጣች። የጽጌ ፓስፖርት ፎቶ ተልኮላት ተቀምጧል። «ቅዳሜ» አለች። «ከአውሮራ ተነስተን እስከ ቤታችን። ሰባት ማይል ነው። የሚያቆምልንን ሰው ሁሉ አንተ ትመልሳለህ። እኔ አንዲት ቃል አልተነፍስም። አንድ መኪና ውስጥ ከገባህ ማታውኑ የጽጌን ስም እልካለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ኤቢ አውሮራ ካናሉ ዳር አወረዳቸው። ደምሰው ሠርካዲስ የገዛችለትን ስኒከር አድርጓል፤ ኮቱን ግን አልተወም። ጉዞው ሲጀመር ወሬያቸው የጋራዥ በር ወሬ ነበር። ቆሻሻው ወጣ? ወጥቷል። ሄዋን ደወለች? ደውላለች። በአምስት ደቂቃ አለቀ። ደምሰው ደነገጠ፤ ገና ስድስት ማይል ተኩል ይቀራል፣ እነሱ ግን ወሬ ጨርሰዋል። ግማሽ ማይል ያህል ሄዱ። ከዚያ ሠርካዲስ ሳታስበው ስለ ሥራ ቦታዋ መናገር ጀመረች፤ በየጠዋቱ በረዶ ጥሎ እንደሆነ ስለሚጠይቃት ሽማግሌ፣ ጁላይ ላይም ቢሆን ጥሏል ብላ መስኮቱን እንደምትከፍትለት። ሰውዬው ስንት ዓመቱ ነው፣ ልጆች አሉት ወይ፣ በረዶው ምን ትዝ ይለዋል እያለ ደምሰው ጠየቃት። ይሄን ሰውዬ አራት ዓመት ስትንከባከበው አንድ ቀን ስሙን ሰምቶት አያውቅም ነበር።

አራተኛው ማይል ላይ መንገዱ ዋና ጎዳና ሲያቋርጥ ወርቁ መጣ። «ደሜ! ዛሬ ደግሞ ሠርኬም? የሁለታችሁም መኪና?»

«መኪናዎቹ ደህና ናቸው» አለ ደምሰው።

«ወዴት ናችሁ?»

«ወደ ቤት።»

«ታዲያ ግቡ እንጂ!»

ሠርካዲስ ፊቷን አዙራ አንድ ፕሬሪ ዶግ ትመለከታለች። ደምሰው ጉሮሮውን ጠረገ። «ወርቁ፣ መንጃ ፈቃዴ ኪሴ ውስጥ ነው። ማንም አልቀማኝም። መሄድ ፈልገን ነው የምንሄደው።» ወርቁ ሠርካዲስን አየ። መስኮቱን ዘጋና ለማንኛውም ብሎ የአደጋ መብራቱን እያበራ መቶ ሜትር ያህል በቀስታ ተከተላቸው። ኋላ ተስፋ ቆርጦ ሄደ። ቀጥሎ አንድ ሌላ መኪና ቆመ፤ ደምሰው እሱንም መለሰ፣ ሁለተኛው ከፊተኛው ቀለለው።

አምስት ማይል ተኩል ሲሞላ ግን ተረከዙ ተልጧል፣ ወገቡም ይቆርጠው ጀምሯል። የካናሉን መንገድ ትተው ታወር ሮድ ላይ ወጥተዋል። ያን ጊዜ የጋሽ ሀይለማርያም ነጭ ቶዮታ ከኋላ መጥታ ጥግ ይዛ ቆመች። ደምሰው ያቺን መኪና ሲያይ ወኔው ከዳው። ጋሽ ሀይለማርያምን እምቢ ያለ ሰው የለም። አገሩ በገቡበት የመጀመሪያ ክረምት ቤታቸው ያስጠጓቸው እሳቸው ናቸው። የሄዋንን የኮሌጅ ቅጽ አብረው የሞሉ እሳቸው ናቸው። ሽማግሌው ከውስጥ እጃቸውን ዘርግተው የኋላውን በር ከፈቱት።

«ግቡ ልጆቼ።»

ወንበሩ ይታየዋል፤ ለስላሳ ነው። ደምሰው በሩን በአንድ እጁ ያዘው። ሠርካዲስ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማ የጫማዋን ክር ታጠብቃለች፤ ክሩ አልላላም።

«አልገባም፣ ጋሼ» አለ።

«ምን አልክ?»

«አልገባም። ዋሽቻችኋለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከሠርካዲስ ጋር በእግሬ መሄድ ፈልጌ ነው። ሴፕቴምበር ላይ ፈረንሳይ አገር ስድስት ቀን አብረን ልንሄድ ነው፤ እሷ ከፈቀደች። ለዚያ ነበር የምለማመደው። ለመናገር አፍሬ ነው እንጂ፣ ከዚህ የበለጠ የምፈልገው ነገር የለም።» ድምፁ ሳያውቀው ከፍ ብሎ ስለነበር ከኋላ የቆመች አንዲት ሴትም ከመኪናዋ ሆና ሰማችው፤ እሷ አማርኛ አትችልም።

ጋሽ ሀይለማርያም መነጽራቸውን አወለቁ። አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ።

«አብራችሁ?» አሉ።

«አብረን።»

«እንግዲያው አልተጣላችሁም?»

«የምን ጠብ?» አለ ደምሰው።

«ልጄ፣ እናንተኮ ከሃያ ዓመት በላይ ቸርች የምትመጡት በሁለት መኪና ነው። አንተ አንደኛው ጥግ፣ እሷ ሌላው ጥግ ታቆማላችሁ። ስብከቱ ሲያልቅ አንተ ወዲህ፣ እሷ ወዲያ። እኛ ምን እናስብ? የረቡዕ የጸሎት ርዕስ ናችሁ። ገና ኤቢ ሳይናገር ጀምሮ።»

ደምሰው እሑድ ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ ነበር ቸርች የሚገባው። ሠርካዲስም ከቸርች በቀጥታ ነበር ወደ ሥራ የምትሄደው። አንድም ቀን በዚህ ዓይን አይተውት አያውቁም።

ሠርካዲስ ቃሏን ረሳች። «ማነው የሚጸልይልን?» አለች።

«ሁላችንም። ጽጌማ በተለይ። አንዳንዴ ታለቅሳለች።»

«ጽጌ?» አለች ሠርካዲስ፤ ኪሷ ውስጥ ያለውን ስልክ በእጇ ጨብጣ።

«ጋሼ» አለ ደምሰው በልምምጥ፣ «አሁን ከጸሎቱ ስማችንን ያውጡልን።»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና የኋላውን በር ስበው ዘጉት። «ገና አንድ ማይል ተኩል ይቀራችኋል» አሉ። «ቤት ስትገቡ ደውሉልኝ። እስከዚያ አላወጣም።» መኪናቸውን አስነስተው ሄዱ።

ሁለቱ እግረኛ መንገድ ላይ ቆመው ቀሩ። ሠርካዲስ ቀድማ እርምጃ ጀመረች፤ ደምሰው ተረከዙን እየታገሠ ተከተላት።

«ተጣልተን ነበር እንዴ?» አለችው ሳታየው።

«ለመጣላት መቼ ተገናኘን?»

ይሄን ለቀልድ ነበር ያለው። ሲሰማው ግን ቀልድ አልመስል አለው፤ ለእሷም አልመሰላትም። ቆመች። ከዚያ ሰዓቷን አየች፣ መንገዱን አየች።

«አሁን ጊዜ አለን» አለች። «አንድ ማይል ተኩል አለን። ጀምር።»

«ምኑን?»

«ጠቡን ነዋ።»

ደምሰው አሰበ፣ አሰበ፤ የሚያነሳው አጣ። «አንቺ ጀምሪ» አላት።

ሠርካዲስ ለማሰብ ጊዜ አልወሰደችም። «ኤቢን የወለድኩ ቀን» አለች። «ምጥ ይዞኝ ደወልኩልህ። በረዶ ነበር። ‹ተሳፋሪዎቹን አድርሼ እመጣለሁ› አልከኝ። ስትመጣ ልጁ ታጥቦ፣ ተጠቅልሎ፣ ተኝቷል።»

ለዚህ ነገር ደምሰው ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የተዘጋጀ መልስ ነበረው። መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ሥራ ከጀመረ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር፤ ቢባረር ምን ሊበሉ ነው? ሁሉም እውነት ነው። አፉን ከፈተና መልሱን ተወው።

«ሻትሉን እዚያው ትቼው ብመጣ ይሻል ነበር» አለ። «በእግሬም ቢሆን ብመጣ ይሻል ነበር። ይቅርታ፣ ሠርኬ።»

ሠርካዲስ በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ እንደመቆጣት ብላ «እንደዚህ ቶሎ ይቅርታ ካልክማ ምኑ ጠብ ሆነ?» አለችው።

«ሌላ አምጪ።»

«አለኝ» አለች፣ እሱ እንዲደርስባት እርምጃዋን ቀንሳ። «ለስድስት ቀን የሚበቃ አለኝ።»

ደምሰው ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ጣለና አጠገቧ ሆኖ ሄደ።